በሰሌዳው ላይ ያልተጻፈው ዋጋ



በአሜሪካ የሚያድጉ ልጆቻችን ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዲዝኒ የምንሄደው መቼ ነው?» ይላሉ። አገር ቤት ያለው ወላጅ ይህን ሲሰማ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ሄደው የተመለሱበትን ቦታ ለልጅ «አይሆንም» ብሎ መዝጋት ቀላል አይደለም። እኛም ለሁለት ዓመት «ኢንሻአላህ» ስንላቸው ቆየን። ትልቋ ልጃችን ታዲያ «ኢንሻአላህ ማለት አይሆንም ማለት ነው እንዴ?» ብላ ስትጠይቀን፣ ነገሩ ከሽርሽርነት አልፎ የቃል ጉዳይ ሆነብን።

የምንኖረው አትላንታ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በትምህርት ቤት ሒሳብ እናስተምራለን፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በመድረሳ ቁርኣን እናስቀራለን። ከሁለቱም ማዕድ የበላን እንደመሆናችን ገቢያችን የመምህር ገቢ ነው፤ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገውም። ከዚህችው ገቢ ላይ በየወሩ መጀመሪያ 80 ዶላር ወደ ደሴ ይሄዳል። አባታቸው የሞተባቸው ሁለት የእህት ልጆች የሚማሩበት ነው። በዚያው ሰሞን ልትጠይቀን ከደሴ የመጡት የልጆቻችን አያት ስለ ጉዞው ሲሰሙ ያሉን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሂዱ፣ ልጆቹንም አስደስቱ። የየቲሞቹን ገንዘብ ግን እንዳትነኩብኝ።»

እንግዲህ ጉዞው ይህን 80 ዶላር ሳይነካ መሄድና መመለስ ነበረበት። የመግቢያ ትኬቱና የማደሪያው ዋጋ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ተከፍሎ ያልቃል። በየቀኑ ኪስ ውስጥ እጅን የሚያስገባው ምግቡ ነው። ስለዚህ ገና ከቤት ሳንወጣ ወረቀትና እርሳስ ይዘን የተቀመጥነው ለምግቡ ነበር።

አንባቢ እንደሚያውቀው በኢትዮጵያም የሽያጭ ታክስ የሚባል ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. 15 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሁላችንም ቫት የምንለው፣ ተክቶታል። በአሜሪካ ግን የሽያጭ ታክስ ዛሬም አለ። ቫት ዕቃው ከአስመጪ ወደ ጅምላ ነጋዴ፣ ከዚያም ወደ ቸርቻሪ ሲሸጋገር በየደረጃው ይሰላል፤ የአሜሪካው የሽያጭ ታክስ ግን የሚከፈለው በመጨረሻው ሽያጭ ላይ፣ በተጠቃሚው ብቻ ነው። መጠኑንም የሚወስኑት ግዛቶችና በሥራቸው ያሉ ካውንቲዎች (አውራጃ እንደማለት ነው) ናቸው። ስለዚህ ከተማ በተሻገርን ቁጥር መጠኑ ይለዋወጣል። ለእንግዳ ሰው ደግሞ ዋናው ነገር በምግብ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ታክሱን አለመጨመሩ ነው።

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የሚገኘው በፍሎሪዳ ግዛት በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ ሲሆን የተከፈተው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ነው። ፍሎሪዳ ከሰው ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አትወስድም። በምትኩ የምትደገፈው በሽያጭ ታክስ ነው። ይህ ታክስ እ.ኤ.አ. በ1949 በ3 በመቶ ተጀምሮ፣ ከ1988 ወዲህ 6 በመቶ ላይ ነው። ሊዝናና የመጣ እንግዳ ምሳውን በገዛ ቁጥር የግዛቲቱን ወጪ ይሸፍናል ማለት ነው። አራቱ ትልልቅ የዲዝኒ ፓርኮች ያሉበት ኦሬንጅ ካውንቲ በዚህ ላይ ግማሽ በመቶ ስለሚጨምር በፓርኮቹ ውስጥ የሚበላ ምግብ 6.5 በመቶ ይከፈልበታል። እኛ ቤት የተከራየንባት ኪሲሚ ደግሞ በአጎራባቹ ኦሲዮላ ካውንቲ ውስጥ ናት፤ እዚያ 7.5 በመቶ ነው። ለአትላንታ ነዋሪ ሁለቱም አያስደነግጡም፤ የእኛው ከተማ 8.9 በመቶ ነው።

ስሌቱን እንዲህ ሠራነው። የተጠቀምንባቸው የምግብ ዋጋዎች ለማስያ ያህል የያዝናቸው ድፍን ቁጥሮች ናቸው፤ በፓርኮቹ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አንባቢ የራሱን ቁጥር ይተካ። ሁለት ወላጅ፣ ሦስት ልጆችና አያት፣ ስድስት ነን። ራሳችን አዝዘን ትሪያችንን ተሸክመን በምንቀመጥበት ቦታ አንድ ማዕድ 90 ዶላር እንበል። በሦስት ቀን ምሳና እራት ስድስት ማዕድ ነው፣ 540 ዶላር። አንድ ጊዜ ደግሞ አስተናጋጅ ባለበት ምግብ ቤት ወግ ባለው ሁኔታ ብንቀመጥ 200 ዶላር። ድምሩ 740 ዶላር ሆነ። ቁርስ ቤት ውስጥ ስለሆነ አልቆጠርነውም።

አሁን ያልተጻፈውን እንጨምር። የ740 ዶላር 6.5 በመቶ 48 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነው። አስተናጋጅ ባለበት ምግብ ቤት ደግሞ ጉርሻ አለ። በአሜሪካ ጉርሻ እንደ አገራችን በውዴታ የሚጣል ሳንቲም አይደለም፤ አስተናጋጁ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በአብዛኛው በእርሱ ስለሆነ ከ15 እስከ 20 በመቶ መስጠት የተለመደ ነው። በዋልት ዲዝኒ ወርልድ ደግሞ ገበታው ስድስት ሰውና ከዚያ በላይ ከሆነ 18 በመቶው በደረሰኙ ላይ ራሱ ይታሰባል። አያት ባይኖሩ አምስት ነበርን፤ እርሳቸው ሲጨመሩ ስድስት ሆንን። (ይህን ስንነግራቸው «እኔ ነኛ ያስቀጣኋችሁ!» ብለው ሳቁ።) የ200 ዶላር 18 በመቶ 36 ዶላር ነው። ጠቅላላው 824 ዶላር ከ10 ሳንቲም ደረሰ። በሰሌዳው ላይ ከሚነበበው 84 ዶላር ከ10 ሳንቲም በለጠ ማለት ነው።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ ይህ ልዩነት ወደ ደሴ ከሚሄደው 80 ዶላር ጋር እኩል ለመሆን ምንም አልቀረውም። የምግብ ዝርዝሩን ብቻ አይቶ የሚነሳ ቤተሰብ ልዩነቱን የሚያውቀው ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጉድለቱን ለመሙላት መጀመሪያ የሚነካው ቀርቦ የማይጠይቅ ሰው ገንዘብ ነው። የቤት ኪራይ አይዘገይም፣ የመብራት አይዘገይም፤ ደሴ ያሉ ልጆች ግን «ለሚቀጥለው ወር» ቢባሉ ዝም ይላሉ።

ስለዚህ ስሌቱን ቀየርነው። የፍሎሪዳን ሕግ ያነበበ ሰው ታክሱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ያገኛል። ከሸቀጣ ሸቀጥ መደብር የሚገዛ ዳቦ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ሩዝና ጥሬ ሥጋ ታክስ የለበትም። ጋዝ የሌለው የታሸገ ውኃም እንዲሁ። ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ግን ይከፈልባቸዋል፤ ተበስሎ ትኩስ ሆኖ የሚሸጥ ምግብም እንዲሁ። በሌላ አነጋገር ግዛቲቱ የምትቀርጠው ሌላ ሰው ሲያበስልልን ነው፤ ራሳችን ካበሰልን ትተወናለች። ለሐላል ሥጋ ስንል ቀድሞውንም ማብሰል ለለመደ ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ዲዝኒ ደግሞ ጎብኚ የራሱን ምግብ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል የመስታወት ዕቃ እንዳይሆንና ማሞቅ እንዳያስፈልገው ይገኙበታል። በረዶ ያለበት የመጠጥ ውኃም በኩባያ በነፃ ይሰጣል። በሐምሌ የፍሎሪዳ ሙቀት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአትላንታ የሐላል ዶሮ በማቀዝቀዣ ሳጥን ይዘን ወረድን። ኪሲሚ ስንደርስ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ሙዝ፣ እንቁላልና ውኃ በ110 ዶላር ገዛን። ማታ ማታ አያት የምስር ሳምቡሳ ይጠቀልላሉ፣ ልጆቹ ጠርዙን ይለጥፋሉ። ጠዋት ከሱብሒ በኋላ ዳቦው ይሞላል። ምሳውን በሙሉ ከቤት ይዘን፣ እራቱን ሦስቱን ቀን ከፓርኩ ስንገዛ ሒሳቡ እንዲህ ሆነ፤ ሦስት ማዕድ 270 ዶላር፣ ታክሱ 17 ዶላር ከ55 ሳንቲም፤ የአንድ ጊዜው ምግብ ቤት ከነታክሱና ከነጉርሻው 249 ዶላር፤ ከመደብር የተገዛው 110 ዶላር። ድምሩ 646 ዶላር ከ55 ሳንቲም ነው። ከመጀመሪያው ስሌት 177 ዶላር ከ55 ሳንቲም ዝቅ አለ።

እዚህ ላይ ግን ታክሱን ያለ ጥፋቱ አንክሰሰው። ካተረፍነው ውስጥ የታክሱ ድርሻ 17 ዶላር ከ55 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ቀሪው የምግቡ የራሱ ዋጋ ነው። ታክስ እንደ ጥላ ነው፣ ዋጋው ሲረዝም ይረዝማል፣ ሲያጥር ያጥራል። አንዳንድ ወዳጆቻችን በየትኛው ካውንቲ ቢበሉ እንደሚያዋጣ ሲያሰሉ እናያለን። በ540 ዶላር ምግብ ላይ በሁለቱ ካውንቲዎች መካከል ያለው ልዩነት 5 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው፤ ለዚያ ብሎ መኪና ማስነሳት ነዳጁን እንኳ አይመልስም። ደግሞም የሚገርመው ታክሱ ዝቅ የሚለው ፓርኩ ውስጥ ነው፤ ምግቡ የሚወደደውም እዚያው።

በሁለተኛው ቀን መካከለኛው ልጃችን በራሱ ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገዛ ቆመ። የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ለዒድ ከተሰጠው አጠራቅሞ ያመጣት ልክ 12 ዶላር ነበረች፤ ሰሌዳው ላይ አይስክሬሙ 6 ዶላር ይላል፤ ለእርሱ አንድ፣ ለአያቱ አንድ። ገንዘብ ተቀባይዋ 12 ዶላር ከ78 ሳንቲም ስትለው ወደ ሰሌዳው ቀና ብሎ አየ፣ ገንዘቡን ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ በአማርኛ «ዋሹኝ» አለ። አያትም አልዘገዩም። «የተጻፈው ሌላ፣ የሚከፈለው ሌላ? ዋጋው ሳይታወቅ ምን ዓይነት ግብይት ነው ይኼ? ሰባ ስምንቷንስ የሚወስዳት ማነው?»

78 ሳንቲሟን ከፍለን አንድ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ጥያቄያቸው ከባድ ጥያቄ ነው። በመድረሳ የተማርነው ዋጋው ለሻጭም ለገዢም ሳይታወቅ ሽያጭ እንደማይጸና ነው። የሒሳብ አስተማሪነታችን ደግሞ 6.5 በመቶ በሕግ የታወጀ፣ ማንም ሊያውቀው የሚችል፣ በሁሉም ላይ እኩል የሚውል መሆኑን ይነግረናል። ሻጩ አልደበቀውም፣ አይወስደውምም፤ ሰብስቦ ለግዛቲቱ ያስረክባል። በዚህ ላይ ገዢው ድምሩን የሚሰማው ከመክፈሉ በፊት ነው፤ ካልፈለገ መተው ይችላል። ስለዚህ ማታለል ነው ማለት አይቻልም ብለን ለሁለቱም አስረዳን። ሆኖም ልጁ ገንዘቡን ይዞ ሳይሰጋ እንዲቆም ሙሉው ዋጋ ሰሌዳው ላይ ቢጻፍ እንደሚሻል እናምናለን። የተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2018 ባለ 5 በመቶ ቫት ሲጀምሩ ለተጠቃሚ የሚለጠፈው ዋጋ ታክሱን ያካተተ እንዲሆን አዘዋል። አቡ ዳቢ ፌራሪ ወርልድ የሚሄድ ልጅ 12 የሚለውን ሰሌዳ አይቶ 12 ይከፍላል። ጃፓንም ከሚያዝያ 2021 ወዲህ እንዲሁ ታደርጋለች። አዲስ አበባ ውስጥስ? 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ከሥር በትንሽ ፊደል የሚጽፍ ምግብ ቤት ያላጋጠመው ካለ እጁን ያውጣ።

የአያት የመጨረሻዋ ጥያቄ ነበረች ከሁሉ የበለጠ ያስደሰተችን። 78ቱን የሚወስዳት ማነው? 72 ሳንቲሟ ወደ ግዛቲቱ ግምጃ ቤት ትገባለች። የቀረችው 6 ሳንቲም የኦሬንጅ ካውንቲ ግማሽ በመቶ ናት። ይህችን ግማሽ በመቶ የካውንቲው ሕዝብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2002 በድምፁ ያጸደቃት ለትምህርት ቤቶች ግንባታና እድሳት ሲሆን መከፈል የጀመረችው በ2003 ነው። በ2014 ሕዝቡ አደሳት፤ ከጉዟችን በኋላም በኅዳር 2024 በድጋሚ ለአሥር ዓመት አጸደቃት። ልጁ የአይስክሬሙን ዘንግ እየላሰ «ታዲያ የእኔ ስድስት ሳንቲም ስንት ጡብ ይገዛል?» አለን። በየክረምቱ ጣራው በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ለተማርን ሰዎች ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሄድንበት ሁሉ ድምሩን ቀድሞ የሚነግረን እርሱ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ 10 ዶላር 65 ሳንቲም እየጨመረ።

ምግብ ቤቱ የገባነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ቡፌ ነበር። በዲዝኒ የምግብ ዋጋ ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለው ልጅ እንደ ልጅ፣ 10 የሞላው እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ትልቋ ልጃችን በፓስፖርቷ መሠረት 10 ሊሞላት ሁለት ወር ገደማ ይቀራት ነበር፤ በሂጅራ አቆጣጠር ግን በዙልቃዕዳ 10 ሞልቷታል፤ እርሷም የምትቆጥረው በዚህኛው ነው። እኛ «ዘጠኝ» ስንል እርሷ ከኋላ «አሥር!» አለች። አስተናጋጁ ግራ ገባው። የጨረቃውን ዓመት አስረድተን ፓስፖርቷን አሳየነው፤ ስቆ በልጅ ዋጋ መዘገባት። በሚቀጥለው ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር አዋቂ ናት። በአዋቂና በልጅ ዋጋ መካከል 20 ዶላር ልዩነት ቢኖር፣ ታክሱ 1 ዶላር ከ30፣ ጉርሻው 3 ዶላር ከ60፣ በጠቅላላው 24 ዶላር ከ90 ሳንቲም ይሆናል። 11 ዓመት የሆነውን ልጅ «ዘጠኝ ነው» ብሎ ማስገባትን እንደ ብልሃት የሚያወሩ ወላጆች ሰምተናል። ልጁ ግን አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል፤ ዕድሜውንም ያውቃል።

ስለ ሥጋው ከማዘዛችን በፊት ጠየቅን፤ ሐላል መሆኑን ሊያረጋግጡልን ስላልቻሉ ዓሣና አትክልት በላን። በኤፕኮት ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተ የሞሮኮ ክፍል አለ፤ ንጉሥ ሐሰን ዳግማዊ የላኳቸው የእጅ ባለሙያዎች የሠሩት የጡብ ጌጥ ዓይን ይይዛል። ልጆቹ ስሙን ሲያዩ «እዚህስ ሥጋ ይበላል!» ብለው ነበር። የአገር ስም ማስረጃ አይሆንም፤ እዚያም ቢሆን መጠየቅ ነው። አያት ግን ጡቡን እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ።

በካሊፎርኒያ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር እንጨምር። ዲዝኒላንድ ያለባት አናሃይም ታክሷ 7.75 በመቶ ነው። በዚያ ግዛት ቀዝቃዛ ምግብ ገዝተው ይዘው ቢሄዱ በተለምዶ ታክስ የለበትም፤ የመግቢያ ዋጋ በሚከፈልበት ግቢ ውስጥ ለሚበላ ምግብ ግን ይህ አይሠራም፤ ቀዝቃዛ ዳቦም ቢሆን ይከፈልበታል።

የነሐሴ መጀመሪያ ላይ 80 ዶላሩ እንደወትሮው በቀኑ ሄደ። ደሴ ያሉት ልጆች የደወሉት ግን ስለ ገንዘቡ ሳይሆን አያታቸው ባቡሩ ላይ ሲጮኹ የሚያሳየው ቪዲዮ ስለደረሳቸው ነበር።

አንድ ነገር ቀርቷል። በስድስት ሰው ገበታ የሚመጣውን ደረሰኝ ሳትፈርሙ በፊት ከላይ እስከ ታች አንብቡት። 18 በመቶው ከመሀል ታስቦ ይገኛል፤ ከታች ግን ለተጨማሪ ጉርሻ የተተወ ባዶ መስመር ይኖራል። ብዙ ሰው መሀሉን ሳያይ ባዶውን መስመር በሌላ 18 በመቶ ይሞላዋል። አገልግሎቱ አስደስቷችሁ አውቃችሁ ከጨመራችሁ መልካም፤ አለበለዚያ እዚያ መስመር ላይ ዜሮ ጽፋችሁ ድምሩን ራሳችሁ አስፍሩ።